ሙሾና ፉከራ፦ የአንዲት የቺካጎ ልጅ የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት በትዊተር

ኤፕሪል 11 ቀን 2014 ደቡብ ቺካጎ ውስጥ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በጥይት ተመትታ ሞተች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስሟን ጋዜጦች እስኪበቃቸው ጽፈውታል። ሽጉጥ ይዛ የተነሳቻቸውን ፎቶዎች ለጥፈው፣ ይህን ያህል ሰው ጨርሳለች እያሉ ቆጥረውላታል። በነፍስ ግድያ ግን ተከሳ አታውቅም። እኔ ስሟን ትቼ «ልጅቷ» እያልኩ ልቀጥል።

ልጅቷ ስትሞት ትዊተር ላይ ከ27,000 በላይ መልእክት ጽፋ ነበር። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ከሁለት ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። ቀልዱም፣ ፍቅሩም፣ ስድቡም፣ ለቅሶውም እዚያ ነበር። ጉዳዩ በማኅበራዊ ሥራ (ሶሻል ወርክ) ባለሙያዎች ዘንድ እስካሁን የሚነሳውም ለዚህ ነው። ከሐዘን ተነስታ ወደ ሞት የሄደችበትን መንገድ እርምጃ በእርምጃ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጽፋዋለች።

መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ። ደቡብ ቺካጎ ውስጥ የወጣት ቡድኖች (ጋንግ የሚባሉት) እንደ ድሮው ትልልቅና አለቃ ያላቸው አይደሉም። ብዙዎቹ የአንድ መንገድ ልጆች ናቸው። አብረው ያደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት የሄዱ። አንዱ ሲገደል ሰፈሩን በእሱ ስም መጥራት የተለመደ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ «የት ሰፈር ነህ?» ሲባል የሚመለሰው የሞተ ጓደኛ ስም ነው።

የልጅቷ አባት እሷ ገና ሕፃን ሳለች በጥይት ተገድሏል። 2012 ላይ ደግሞ ጓደኛዋ ተገደለ። 13 ዓመቱ ነበር። እሷም የትዊተር መጠሪያዋን ቀየረች። የእሱን ስም አስገባችና ከጎኑ «ገዳይ» የሚል ቃል ቀጠለችበት። ይህን ያዩ ጋዜጠኞች «ገዳይ» የሚለውን ቃል ይዘው ሮጡ። ከፊቱ ያለው የሕፃን ልጅ ስም አልታያቸውም። የእኛ ሰው ቢሆን ግን ቶሎ የሚገባው ይመስለኛል። ደም መላሽ ሲፎክር የሟቹን ስም አይደል የሚጠራው?

በዚያው በ2012 ቺካጎ ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ተገድሏል። በሴፕቴምበር አንድ የ18 ዓመት ራፐር ያለበትን ቦታ ትዊተር ላይ በጻፈ በሰዓታት ውስጥ እዚያው ሰፈር ተገደለ። ከተማው ያኔ ነው መደንገጥ የጀመረው። ጸቡ ከመንገድ ወደ ስልክ ገብቶ፣ ከስልክ ተመልሶ ወደ መንገድ እየወጣ ነበር።

ይህን ከልብ ከተከታተሉት አንዱ ዴዝሞንድ ፓተን ናቸው። በማኅበራዊ ሥራ ዶክትሬታቸውን የሠሩት እዚያው ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። 2013 ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት ለነገሩ ስም አወጡለት፤ «ኢንተርኔት ባንጊንግ» አሉት። በእኛ አፍ «የኢንተርኔት የቡድን ጸብ» ብንለው ብዙም አይርቅም። በኋላ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሴፍላብ የሚባል ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። የልጅቷን መልእክቶች ቁጭ ብሎ ያነበበው ይህ ቡድን ነው።

ሁለቱ ሳምንታት

በማርች 2014 መጨረሻ የልጅቷ ሌላ የቅርብ ጓደኛ ሞተ። 20 ዓመቱ ነበር። የገደለው ፖሊስ ነው።

መጀመሪያ የጻፈችው ሙሾ ነበር። ሕመሙ ከምችለው በላይ ሆነብኝ አለች። ስሙን ጠራችው፣ ደጋግማ ጠራችው። ቀጥሎ ግን ቃሉ ተቀየረ። ፖሊስ ጓደኛዬን ወሰደብኝ፣ ሕይወቴን ለእሱ በቀል ሰጥቻለሁ የሚል ነገር ጻፈች። ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ አንድ ታዋቂ የራፕ ስንኝ ለጥፋ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሰው እስኪገደል ድረስ ማንም አይደለም ነው። ያ ዘፈን መውደድ ነበር? ዛቻ ነበር? ወይስ ሞቷ ታውቋት ነው? ከቃሉ ብቻ መናገር አይቻልም።

ይህች ቦታ ላይ ትንሽ ልቁም። እኔን የነካኝ ከሙሾ ወደ ፉከራ የሄደችበት ፍጥነት ነው። ግን ለእኛ ባዕድ ነገር ነው? በድሮው ልቅሶ፣ ጀግና ሲሞት ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ። ወንዶቹ ደግሞ እዚያው ልቅሶው ላይ ጠመንጃውን ይዘው ይፎክራሉ። ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ ናቸው። የፎከረ ሁሉ ገዳይ እንዳልሆነ ልቅሶ የደረሰ ሁሉ ያውቃል። አንዳንዱ ግን የምር ነው። የትኛው የምር እንደሆነ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ያን ሰው ለይተው፣ ቀስ ብለው አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ሲወጣም አብረውት ይወጣሉ።

ትዊተር ላይ ልቅሶው ነበር፣ ሙሾው ነበር፣ ፉከራውም ነበር። አጠገቧ የሚቀመጥ ሽማግሌ ግን በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ይልቁንም ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ሺህ ሰው ነበር። ከማዶ ደግሞ የሚሳለቅ ባላንጣ።

ሰሙን ማንበብ ቀላል ነው

ፓተንና ተማሪዎቻቸው መጀመሪያ ያጋጠማቸው ችግር፣ እንግሊዝኛው እንግሊዝኛ አለመሆኑ ነው። ፊደሉ የተቆራረጠ፣ ቃሉ የሰፈር፣ ኢሞጂው ሌላ ትርጉም ያለው። ከኮምፒውተር ባለሙያዋ ከካትሊን ማክኪዮን ጋር ሆነው መልእክቶቹን ሐዘን፣ ቁጣና ሌላ ብሎ የሚለይ ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ። በጋዜጣ እንግሊዝኛ የሠለጠነ ፕሮግራም ግን የእነዚህን ልጆች ቋንቋ አያውቀውም። ፌስቡክ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ «ተርጉምልኝ» ብሎ የሚወጣውን ጉድ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ስለዚህ ሰው ማንበብ ነበረበት። መጀመሪያ ያነበቡት የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ናቸው። ቅን ልጆች፣ የተማሩ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያነቡ። ስለ መግደል የሚያወራ መልእክት ሲያገኙ «ቁጣ» ብለው ምልክት አደረጉበት። ማን ይፈርድባቸዋል? ከዚያ ቡድኑ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። ቀድሞ ቡድን ውስጥ የነበሩ የቺካጎ ወጣቶችን ባለሙያ ብሎ ቀጠረ። በነጻ አስተያየት ስጡን አላላቸውም፤ ከፍሎ አሠራቸው። እነዚህ ልጆች አንዳንዱን መልእክት አይተው «ኧረ ይሄ ዘፈን ነው» አሉ። ዛቻ ተብሎ የተመዘገበው ነገር የሰፈር ራፐር ስንኝ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ተማሪዎቹ እንደ ተራ ነገር ያለፉት ቁጥር ወይም ስም ለልጆቹ ከባድ ትንኮሳ ሆኖ ይገኛል። የሞተ ሰው ስም ላይ መሳለቅ እዚያ አገር ከሽጉጥ ኢሞጂ የበለጠ አደገኛ ነው።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን በአንድ ቃል ይለዋል፤ ሰሙን አንብበው ወርቁን ሳቱት። ሰሙ ሁሉም ሰው ፊት ተዘርግቷል። ወርቁን ለማግኘት ግን ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ፣ ትናንት ምን እንደተባለ ማወቅ አለብህ። ቡድኑ በኋላ ያወጣው የአነባበብ ዘዴም ይኸው ነው። መልእክቱን ለብቻው አታንብብ። የጻፈውን ሰው የቀድሞ መልእክቶች ተመልከት። ለማን እንደመለሰ እይ። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ ወስን። አድካሚ ነው፤ ማሽን የማይወደው ዓይነት ሥራ ነው።

ሁለት ቀን

በ2018 የታተመው ጥናት ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው። ቡድኑ ከልጅቷ አልፎ ከእሷ ጋር የሚገናኙ ብዙ የቺካጎ ወጣቶችን መልእክቶች መረመረ። የታየው ነገር ይህ ነው፤ የሐዘን መልእክት ከተጻፈ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የቁጣ መልእክት ይበዛል። ቁጣው ከሰማይ አይወርድም። ከፊቱ ሐዘን አለ።

ሁለት ቀን። እኛ ዘንድ ሠልስት የሚባል ነገር አለ። ሰው ሲሞት እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ሐዘንተኛውን ብቻውን አንተወውም። ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ያድራል፣ እድርተኛ ንፍሮና ቡና ያቀርባል። አንዳንዱ ወጣት ይህን ወጪና ጣጣ ነው የሚለው፤ እኔም ብያለሁ። ግን እነዚህ ቀኖች ሰው እብደት ሊሠራ የሚችልባቸው ቀኖች መሆናቸውን አያቶቻችን ያለ ጥናት ያወቁት ይመስለኛል። የቺካጎው ልጅ በእነዚያ ሁለት ቀናት አጠገቡ ያለው ስልኩ ነው።

ለሶሻል ወርከር ይህ ግኝት ሥራውን ይቀይረዋል። «የሚዝተውን ፈልግ» የተባለ ሰው ሲደርስ ዘግይቷል፣ ደግሞም እንደ ፖሊስ ነው የሚታየው። «ያዘነውን ፈልግ» የተባለ ሰው ግን ልቅሶ ለመድረስ ነው የሚሄደው። ልጁ በሩን የሚከፍተውም ለዚህኛው ነው።

ገላጋዮቹ

ልቅሶ የሚደርሱ ሰዎች በቺካጎ አልጠፉም። ከ2000 ጀምሮ ሲስፋየር በሚባለው ፕሮግራም፣ ራሳቸው አንድ ወቅት መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች እየተቀጠሩ ጸብ ያበርዱ ነበር። ፕሮግራሙን የጀመሩት ጌሪ ስለትኪን ሐኪም ናቸው፤ ጥቃት እንደ ተላላፊ በሽታ ይዛመታል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እኔ እነዚህን ሠራተኞች «ገላጋይ» እላቸዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ፓተን እነዚህን ገላጋዮች ጠይቀው 2016 ላይ ጽፈዋል። ሰዎቹ ፌስቡክን የሚያዩት እንደማንኛውም ሰው በየስልካቸው ነው። ቪዲዮ ይላክላቸዋል፣ ስክሪንሾት ይደርሳቸዋል፣ ልጆቹ ራሳቸው «ይሄን እይ» ይሏቸዋል። ገላጋዩ ልጁን ያውቀዋል። እናቱን ያውቃል። ዘፈኑን ያውቀዋል። ስለዚህ የትኛው ጉራ፣ የትኛው የምር እንደሆነ ከማንም በተሻለ ይለያል።

ከዚያ ምን ያደርጋል? ኮሜንት ላይ ገብቶ «ልጆች ተው» ቢል ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን። ይሳቅበታል። ይባስ ብሎ ልጁ ሰው ፊት ስለተገሠጸ ወደኋላ ማለት ያሳፍረዋል። ፉከራው ተመልካች ስላለው ነው የሚጋጋለው። ስለዚህ መጀመሪያ ከተመልካቹ ፊት ማውጣት ነው። ደውሎ «የት ነህ? ልምጣ» ማለት። ምግብ ቤት መውሰድ። ካስፈለገ ለጥቂት ቀን ከሰፈሩ ማራቅ። ፖስቱ የሚጠፋው በመጨረሻ ነው፣ ያውም ልጁ ራሱ ሲፈልግ። ኒው ዮርክ ውስጥም ኢ-ሪስፖንደር የሚባል ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ የሚጀመር ጸብን እንዴት እንደሚያበርዱ ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች ሥልጠና ሰጥቷል።

ልጆቹም ቢሆኑ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ፓተን ያነጋገሯቸው የቺካጎ ወጣቶች ዛቻ የሚሉት ምን እንደሆነና ሲያዩት ምን እንደሚያደርጉ ነግረዋቸዋል። ዝም ብሎ ማለፍ አለ። ሰውየውን በአካል የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው መጠየቅ አለ። ባለሙያው ሁሌ የሚረሳው ይህንን ነው። ልጆቹ ከእኛ ቀድመው እርስ በርስ ይገላገላሉ።

ሌላው አንባቢ

አሁን ወደማይመቸው ጉዳይ። ሶሻል ወርከር የሚያነበውን ፖሊስም ያነበዋል።

ልጅቷ በሞተች በሁለተኛው ወር፣ በጁን 2014፣ የኒው ዮርክ ፖሊስ ሐርለም ውስጥ ሁለት የመንግሥት መኖሪያ መንደሮችን ወረረ። 103 ወጣቶች ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕጉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች እንደተመረመሩ ተናግሯል። በ2016 ደግሞ ጂኦፊዲያ የሚባል ኩባንያ ከፌስቡክ፣ ከትዊተርና ከኢንስታግራም ዳታ እየወሰደ ለፖሊስ እንደሚሸጥ የሲቪል መብት ተከራካሪዎች አጋለጡ፤ መድረኮቹም ዳታውን ዘጉበት። ቺካጎ ራሷ የቡድን አባላት ያለቻቸውን ከ134,000 በላይ ሰዎች መዝግባ ይዛ ነበር። የከተማው መርማሪ በ2019 ሲያጣራ 95 በመቶዎቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ነበሩ። ያኔ አንድ ጊዜ እዚያ ስምህ ከገባ መውጫው አይታወቅም ነበር።

እንግዲህ ሐዘንና ቁጣን የሚለይ ጥሩ ፕሮግራም ተሠራ እንበል። ነገ ማን ይገዛዋል? ፓተን ይህን አልሸሹትም። ቡድኑ ዳታውን ለፖሊስ አልሰጥም አለ። ጥናት ውስጥ የሚጠቀሱ መልእክቶችን ቃላቸውን ለወጥ አድርጎ አሳተመ፤ ሰው ፈልጎ ባለቤቱን እንዳያገኝ። ጥሩ ነው። ያም ሆኖ ለእኔ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። እነዚያ ልጆች የጻፉት ለጓደኞቻቸውና ለባላንጣዎቻቸው እንጂ ለዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሙሾ የምታወርድ ሴት ጀርባዋ ላይ ቆሞ የሚጽፍ ሰው እንዳለ ብታውቅ ድምጿ ይቀየራል።

የአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ማኅበርም የሥነ ምግባር ደንቡን አሻሽሎ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። ያለ ፈቃድ የደንበኛህን ስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልግ፤ ለብርቱ የሙያ ምክንያት ካልሆነ። በማኅበራዊ ሚዲያ ከደንበኛ ጋር የግል ወዳጅነት ከመፍጠር ተቆጠብ። ቢሮ ላለው ሰው ልክ ነው። ገላጋዩ ግን ሥራው በሙሉ ወዳጅነት ነው። ልጁ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስቶሪ ሲለጥፍ የሚያየው በግል ስልኩ ነው። ሕጉና ሥራው እዚህ ላይ ይጋጫሉ። ለእኔ የሚታየኝ መካከለኛ መንገድ ተራ ነገር ነው። የሥራ ስልክ፣ የራስህ ስምና ሥራህ በግልጽ የተጻፈበት የሥራ አካውንት። ልጁንም ፊት ለፊት፣ «የምትጽፈውን አያለሁ፤ ካስፈራኝ እደውልልሃለሁ፤ ለማንም አልሰጥም፤ ነፍስ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዝም አልልም» ብሎ መንገር። ያላወቀው ዓይን ስለላ ነው። የፈቀደው ዓይን ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ

ትዊተር በ2023 መጀመሪያ ላይ ተመራማሪዎች በነጻ ዳታ የሚወስዱበትን በር ዘጋ። በዓመቱ አጋማሽ ስሙም ኤክስ ሆነ። ልጆቹማ ቀድመው ሄደዋል፤ ስናፕቻት፣ የኢንስታግራም ስቶሪ፣ በ24 ሰዓት የሚጠፋ ነገር። ከ27,000 መልእክት ማኅደር የተማረ ማሽን እዚያ ብዙ የሚያነበው የለውም። የልጁን ስልክ ቁጥር የያዘው ገላጋይ ግን አሁንም ስቶሪውን ያያል።

ፓተን በ2022 ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ደስታም ማጥናት ጀምረዋል፤ ጥቁር ወጣቶች ኢንተርኔት ላይ ደስታቸውን የት እንደሚያገኙት። ሞትን ለዓመታት ሲያነብ ለኖረ ሰው ይህ አይገርመኝም። በልጅቷ መልእክቶች ውስጥም ቢሆን ሳቅና ፍቅር ነበር። ጋዜጦቹ ያን ክፍል አልጠቀሱትም።

እሷ ከሞተች በኋላ ሌሎች ስለ እሷ የጻፉትንም ቡድኑ አንብቧል። መጀመሪያ የመጣው ሙሾ ነው። ስሟን እየጠሩ፣ ነፍስሽን ይማረው፣ እንዴት ትተሽን ትሄጃለሽ እያሉ። ከማዶ ተሳለቁባት። ከዚያ የእሷ ወገኖች መፎከር ጀመሩ።